ንጉሡ የወደቁት በጎረቤቴ ማሳ ነው

መተማ ዮሐንስ ላይ ንጉሥ ያልወደቀበት ማሳ ያለው ገበሬ ድሃ ነው። ሰሊጡ ቢሞላ፣ ማሽላው ቢቆም፣ ከብቱ ቢረባ ማንም አይቆጥርለትም። ሠርግ ቤት ሲገባ «ወዲህ ጠጋ በል» የሚባለው፣ ሲያርስ የጥይት ቀለህ የወጣለት ሰው ነው። አጥንት የወጣለት ደግሞ ከቄሱ አጠገብ ይቀመጣል። አፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁት አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ያ ቦታ የራሱ ማሳ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል።

ባሌ ያረጋልና ጎረቤታችን ቸሩ በዚሁ ነገር ተኳርፈው ኖረዋል። ማሳችንና ማሳው የሚዋሰኑት አንዲት ያረጀች ቁርቁራ ዘንድ ነው። ዛፏ በእኛ በኩል ነች። ከሥሯ የድንጋይ ክምር አለ፤ እሱም እንግዳው የሚባሉት የባሌ አያት መቃብር ነው። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጎልማሳነታቸው ከደብረ ታቦር ወደዚህ ቆላ የወረዱት በጦርነቱ የቀሩ አባታቸውን አጽም ፍለጋ ነበር። አንድ ሽማግሌ ይህን ክምር አሳዩዋቸው። አጽሙን አንሥተው ሊመለሱ ሲሉ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ እስኪያባራ ብለው ትንሽ ማሽላ ዘሩ። ማሽላው ሰጠ፤ እሳቸውም በዚያው ቀሩ። እኔ አየሁሽ የምባለው የደጋ ልጅ ዛሬ በዚህ ሙቀት የምጠበሰው በዚያ ማሽላ ምክንያት ነው።

ቸሩ ይህን ታሪክ በሰማ ቁጥር «የበቅሎ መቃብር ነው» ይላል። እንግዶች ባሉበት ይላል፣ ለቅሶ ቤትም ይላል። ያረጋልም ዝም አይልም። ቸሩ «ከማሳዬ ወጣ» እያለ የሚያሳየውን የጎራዴ ስባሪ «የሚስቱ ማጭድ ነው» ይላል። ስባሪውን እኔም አይቼዋለሁ። ማጭድ ነው።

ዘመኑ ከዝናብ ይልቅ ስብሰባ የበዛበት የደርግ ዘመን ነበር። አንድ ቀን በጥቅምት ወር የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ፈንቴ ሁላችንንም ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበና የምሥራች አለን። ከአዲስ አበባ የጥንት ነገር የሚመረምር ምሁር ይመጣል፤ ከጎንደርም አንድ ትልቅ ጓድ አብሮት ይወርዳል፤ ጥንታዊውን የጦር ሜዳ ይጎበኛሉ፣ ካስፈለገም ይቆፍራሉ። አስጎብኚ ይመረጥ ሲባል ያረጋልና ቸሩ እኩል ብድግ አሉ። ጓድ ፈንቴ ሁለቱንም መረጠ። ማስታረቁ አልነበረም፤ ከሁለቱ አንዱን ካስቀረ እዚህ መንደር ውስጥ ሰላም አግኝቶ እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው።

እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ንጉሥን ማመስገን ያስጠይቃል። ንጉሥን መስደብ ደግሞ በእኛ አገር ያስደበድባል። ብዙ አስቦ ሲያበቃ፣ አስጎብኚዎቹ «ንጉሡ» ማለታቸውን ትተው «ሰፊው ሕዝብ» እንዲሉ መመሪያ ሰጠ። በማግስቱ ያረጋል ጓሮ ቆሞ ሲለማመድ ሰማሁት። «ሰፊው ሕዝብ በበቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ጎራዴውን መዝዞ፣ ዘውዱን ደፍቶ፣ ወደ ዘሪባው ተወረወረ» ይላል፤ ዘሪባ የሚለው ድርቡሾቹ የመሸጉበትን የእሾህ አጥር ነው። ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት።

እንዲህ ደስ ብሎን ሰንብተን እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሐቢባ ከሱዳኗ ገላባት ተሻግራ መጣች። ሐቢባ ከማዶ እየተመላለሰች ከርከዴና ሽቶ ትሸጣለች፤ ወሬ ግን በነጻ ነው የምታድለው። ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰማሁ አለች። ሌላ አገር ላይ የጥንት ነገር የተገኘበት መሬት ዓይን እስከሚደርስ በሽቦ ታጠረ፤ ገበሬዎቹ በመኪና ተጭነው ሰው ወደማይኖርበት በረሃ ተወሰዱ፤ አዝመራቸውን እንኳ ሰብስቡ አልተባሉም።

ወሬው የገባብን ደግሞ በክፉ ሰዓት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ቆሟል፤ ሂላ የምንለው ይህንኑ ነው። ሂላ ሲደርቅ ትንሽ ከነኩት ፍሬው ይረግፋል። አጥር ቀርቶ አንድ መኪና ሙሉ እንግዳ በመካከሉ ቢመላለስበት የዓመቱን ልፋት መሬት ይበላዋል። ሰው ሁሉ ልቡ ተሰቀለ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ቀለህ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ጓንግ ወንዝ ገባ። ከቄሱ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ፣ ያ አጥንት የአህያ መሆኑን ድሮም እጠረጥር ነበር ማለት ጀመረ።

ያረጋል ማሳውን ዞሮ አይቶ ተመለሰና አንገረብ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ስሚኝ አየሁሽ» አለኝ፤ «ንጉሡ የወደቁት በቸሩ ማሳ ነው።»

«መቃብሩስ?»

«መቃብር የለም። ከማሳ የለቀምሁት ድንጋይ ነው።»

ተናደድሁ። ያን ክምር ክረምት በወጣ ቁጥር እየዞረ አረሙን የሚነቅለው እሱ ራሱ ነው፤ እኔን እንኳ አያስነካኝም። አያቱን በሰሊጥ ሊለውጥ መሆኑን ነገርሁት። እሱም ሰሊጡ ከሄደ ልጆቹን የሚያበላው አያቱ አለመሆናቸውን ነገረኝ። ይህን ሲል ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

እንግዶቹ በላንድ ሮቨር መጡ። ምሁሩ ሙሉአለም ይባላል፤ ቀጭን፣ የሣር ባርኔጣ ያደረገ፣ ለዛፉም ለድንጋዩም ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ጨዋ ሰው ነው። የጎንደሩ ጓድ ግን ወፍራም ነበር፤ ካኪ ልብሱ ገና ከመኪና ሳይወርድ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ድንኳንና አካፋ የያዙ ሁለት ሠራተኞችም አብረዋቸው አሉ። ጓድ ፈንቴ መፈክር አሰማ፤ እኛም እጃችንን አነሣን። ጉብኝቱ ተጀመረ።

ያረጋል እየመራ በእኛ ማሳ ዳር በጥድፊያ አሳለፋቸው። ይሄ ሰሊጥ ነው፣ ሰሊጥ ብቻ ነው፣ ከሰሊጥ በቀር ኖሮበት አያውቅም አላቸው። ከቸሩ ማሳ ሲደርስ ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆም እጅ ነሣ። ያን የተለማመደውን ሁሉ እዚያ ላይ አወረደው። ሰፊው ሕዝብ በዚህ በኩል በበቅሎ መጣ፣ እዚህ ጋ ተመታ፣ ከዚህች ጉብታ ላይ ወደቀ። ምሁሩ ይጽፋል። ቸሩ ትንሽ ከታገሠ በኋላ፣ እሱን ለዘመናት በስሙ እንኳ ጠርቶት የማያውቀው ሰው፣ «አያ ያረጋል ትሕትና አብዝተው ነው» አለና ሁሉንም ወደ እኛ ማሳ መልሶ ነዳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰዳደቡበትን ነገር ተለዋውጠው ይመሰጋገኑበት ጀመር። ያረጋል የቸሩን የጎራዴ ስባሪ አነሣ፤ እንዲህ ያለ ብረት የሚይዘው የንጉሥ ወገን ብቻ ነው ብሎ ማለ። ቸሩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ስባሪው የሚስቱ የመስቱራ ማጭድ መሆኑን አመነ። ድንጋይ ላይ የሰበረችው ሣር ስታጭድ ነው፤ እሷም አለች፣ ጠይቋት አለ። ቀጥሎ ቸሩ የእኛን ማሳ ማወደስ ያዘ። መሬቱ ቀይ የሆነው በደም ነው አለ። ያረጋል ቀዩ አፈር እስከ ኮኪት ድረስ እንደሚዘልቅ አስረዳ። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ እያሉ እንግዶቹን በጠራራ ፀሐይ አመላለሱዋቸው፤ የጎንደሩ ጓድ እግሩን መጎተት ጀመረ።

ምሁሩ ግራ ሲገባው የመንደሩን ሰው መጠየቅ ጀመረ። የተጠየቀ ሁሉ እጁን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይዘረጋል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀርበው ጉዳዩን ሊቋጩት ሞከሩ። ጦርነቱ የተደረገው ማዶ ሱዳን ውስጥ ነው፤ እዚህ የተሰማው ድምፁ ብቻ ነው አሉ። ሽማግሌው ጦርነቱ በሆነ ጊዜ ገና አልተወለዱም ነበር።

«እና ጦርነቱ አየር ላይ ነው የተካሄደው?» አለ የጎንደሩ ጓድ። እንደዚያ ቢሆን ሁላችንም ደስ ይለን ነበር።

ሙሉአለም አልተቆጣም። እንግዲያውስ እዚሁ ሰፍረን ራሳችን እንፈልጋለን አለና ጥላ ፍለጋ ዙሪያውን ተመለከተ። በዚያ ሜዳ ላይ ጥላ ያላት ቁርቁራችን ብቻ ነች። ሁላችንም ተከትለን ሄድን። ምሁሩ ከዛፉ ሥር ሲደርስ ክምሩን አይቶ ቆመ፤ ምንድን ነው ብሎም ያረጋልን ጠየቀው።

«ከማሳ የለቀምሁት ድንጋይ ነው» አለ ባሌ።

የጎንደሩ ጓድ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቦታው ተመችቶታል። ድንኳኑ ከዛፉ ሥር ይተከል፣ ድንጋዩ ለድንኳኑ ገመድ ማጥበቂያ ይሁን፤ ክምሩ የነበረበት መሬት ደግሞ ፀሐይ ስላልመታው ለአካፋ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ መጸዳጃው እዚያው ይቆፈር ብሎ አዘዘ።

አማቴ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው እኔንና ያረጋልን አቅርበው አደራ ያሉን ያን መቃብር ነው። ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ከጮህሁ ደግሞ ባሌ ውሸታም ይባላል፤ መሬቱም ይታጠራል፤ ልጆቼም በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ። አፌን ዘጋሁ። ያረጋልን አየሁት። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ እንጨት ሆኗል። ሠራተኛው አንዱን ድንጋይ አንሥቶ ወረወረው። ሁለተኛውንም ወረወረው።

«ተው፣ አታንሣ» አለ አንድ ሰው። ቸሩ ነበር።

መጥቶ በክምሩና በሠራተኛው መካከል ቆመ። «ይኸ የሰው መቃብር ነው። የያረጋል አያት ናቸው፤ እንግዳው ይባላሉ። በሰው ላይ አይጸዳዱም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አቅፌ እስመው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ክፉ ሐሳብ ነው። ይሄ ተንኮለኛ በእኛ ላይ አጥር አመጣብን፣ የራሱን ማሳ አዳነ አልሁ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ዓይኑ የተወረወሩትን ሁለት ድንጋዮች ይፈልግ ነበር። ተንኮል የሚሠራ ሰው እንደዚያ አይሆንም።

የጎንደሩ ጓድ ወደ ባሌ ዞረ። «ድንጋይ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ዋሸሁ» አለ ያረጋል። «አያቴ ናቸው። ማሳውን ከነሰሊጡ ውሰዱት፤ እሳቸውን ግን አትንኩብኝ።»

ይህን ሲል አለቀስሁ። ሰሊጡ ሄደብን ብዬ አለቀስሁ፤ ባሌ ሰው ሆነልኝ ብዬም አለቀስሁ። የትኛው እንባ የየትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ምሁሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ማሳውን ማን ይወስደዋል ሲል በመገረም ጠየቀ። ጓድ ፈንቴ እየተንተባተበ የሽቦውንና የመኪናውን ወሬ አወራለት። ሙሉአለም እስከ መጨረሻው ሰማውና ሳቀ። የመጡት ማንንም ሊያስነሡ አይደለም። እንዲህ ያለ መቃብር ከተገኘ የመቃብሩን ዙሪያ ብቻ በድንጋይ አጥረው፣ የሟቹን ስም በእብነ በረድ ላይ ጽፈው ያቆማሉ፤ ቦታው ቢበዛ የአንድ ዐውድማ ግማሽ አይሆንም። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐቢባ አዞረ። እሷ ለሠራተኞቹ ከርከዴ እየቀዳች ነበር፤ እኔ ሹፌሩ ያለኝን ነው ያልሁት አለችና መቅዳቷን ቀጠለች።

ፍርሃቱ ሲነሣልን መንደሩ የነበረበት ጠባይ ተመለሰ። ቀለሃቸውን ጓንግ የጣሉት ሰዎች ወንዙ ምን ያህል እንደጎደለ ይጠያየቁ ጀመር። ጦርነቱን ሱዳን ያሻገሩት ሽማግሌ፣ አሁን ሳስበው አንድ ጥይት በቤታችን ጣሪያ ላይ ማለፉን አባቴ ነግሮኝ ነበር አሉ። አጥንቱ የአህያ መሆኑን ያመነው ሰውዬም፣ የአህያ የመሰለው በጦርነቱ ብዙ አህያ ስለዘመተ ነው እያለ በምሁሩ ዙሪያ ይዞር ነበር።

ሙሉአለም ግን ቸሩን አልረሳውም። መቃብር መሆኑን እንዴት እንዳወቀ ጠየቀው።

ቸሩ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «የኔም አያት በዚያው ቀን ነው የቀሩት። ጓንጉል ይባላሉ። አባቴ ከበለሳ ወርዶ ይኸን ሜዳ ሲፈልግ፣ ሲቆፍር ኖሮ ሞተ። አላገኛቸውም። የበቅሎ ነው እያልሁ የኖርሁት ሰው መሆኑ ጠፍቶኝ አይዶለም። ቀንቼ ነው።»

ይህን ብሎ ዞረና ወደ ማሳው መሄድ ጀመረ።

እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ዘመን የተመኘው ነገር በአንድ ቀን እጁ ገብቷል። መሬቱ አልተነካ፣ መቃብሩ በመንግሥት ታወቀ፣ የአያቱ ስም በእብነ በረድ ሊቀረጽ ነው፣ ባላንጣው ደግሞ በሰው ፊት ቀናሁ ብሎ አምኖለታል። እንግዲህ አርፎ አያስተኛኝም፣ እስክሞት ይህን ሲያወራልኝ ይኖራል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ምሁሩ ብዕሩን አውጥቶ የሟቹን ስም ጠየቀው። ያረጋል «እንግዳው» አለ፤ የአባታቸውንም ስም ጨመረ። ከዚያ የቸሩን ጀርባ ይመለከት ጀመር። ሰውዬው ሂላው መካከል ደርሶ፣ ሰሊጡን እንዳይነካ ትከሻውን ሰብስቦ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር።

«ሁለት ናቸው» አለ ያረጋል።

«ምን አልህ?» አለ ሙሉአለም።

«እዚህ ያሉት። እንግዳውና ጓንጉል ብለህ ጻፍ። አባቴ ሲሞት ነግሮኛል።»

ቸሩ ባለበት ቆመ፤ ግን አልዞረም።

ምሁሩ ክምሩን በዓይኑ ለካው። «ለሁለት ሰው አይጠብም?»

«ተቃቅፈው ነው» አለ ባሌ።

ሙሉአለም ወደ እኔ ዞረና፣ እርስዎም ይህን ሰምተው ያውቃሉ ወይ አለኝ። አማቴ ሲሞቱ ከራስጌያቸው የነበርሁት እኔ ነኝ። ውኃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። የተናገሩትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ የሁለተኛ ሰው ስም አልነበረበትም። ያረጋል አላየኝም፤ ግን እንደሚጠብቀኝ አወቅሁ።

«አዎ» አልሁ፤ «ጓንጉልን በስማቸው ነው የጠሩዋቸው።»

ምሁሩ ሁለቱን ስሞች ጻፈ። ቸሩ በሂላው መካከል ተመልሶ መጣ፤ ትከሻው የነካው ሰሊጥ እየረገፈ ነበር፣ ልብ አላለውም። ሠራተኛው የወረወራቸውን ሁለት ድንጋዮች አነሣና ቦታቸው አኖራቸው። ከዚያ ተንበረከከ፣ ክምሩን ሳመውና «አገኘሁዎ» አለ።